ቤት የሚያዳምጡት አያ ደምሌ

የዚያን ዕለት እቤታችን የነበርነው እነዚህ ነን። አያ ደምሌ፣ ጣራው ላይ። ከብልባላ በአህያ ሳር ጭነው የመጡ ሁለት ወንድማማቾች፣ ግቢው ውስጥ ሳሩን እያበጠሩ። ባለቤቴ መልካሙ፣ መሰላሉን ይዞ። አማቴ እትዬ ብርዜ፣ ግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ። ጎረቤታችን መሪጌታ ስምዖን፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው። ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጠው ሰይድ፣ የሳር ክዳን ሲከፈት ልይ ብሎ ሱቁን ዘግቶ የመጣ። እኔ፣ ደረጃው ላይ። ልጆቼ አልነበሩም። ጣራ በሚከፈትበት ቀን ልጅ አጠገቡ አይደርስም ብዬ ሦስቱንም በጠዋት አክስታቸው ዘንድ ልኬያቸው ነበር።

ስምንት ሰው መሆናችን ነው። ከስምንታችን እውነቱን የምናውቀው ሁለት ነበርን፤ አያ ደምሌና እኔ። እሳቸው ዋሹ፣ እኔ ዝም አልኩ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። አሁን አያ ደምሌ የሉም። ሞተዋል ያለኝ ሰው የለም፣ በሕይወት አሉ ያለኝም የለም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ግን ነገሩን በቃል ስናገረው ከሰው ሰው እየተለወጠ አስቸገረኝ። በወረቀት ይቀመጥ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ልናገር፤ አያ ደምሌን ያለ ቤት መናገር አይቻልምና። ቤታችን ላሊበላ ውስጥ ከቀሩት ጥቂት ክብ የድንጋይ ቤቶች አንዱ ነው። ባለ ደርብ ነው፤ ምድር ቤቱ ለከብት፣ ደርቡ ለሰው። የባለቤቴ ቅድመ አያት ብራና የሚጽፉ ሰው ስለነበሩ ሰፈሩ የጸሐፊው ቤት ይለዋል። ድንጋዩ ከዚሁ ከኮረብታው የወጣ ቀይ ድንጋይ ነው። ሲሚንቶ የሚባል ነገር አልነካውም፤ የያዘው ጭቃ ነው። ግድግዳው ክንድ ተኩል ይወፍራል፣ መስኮቶቹ ግን ጭንቅላት አያሳልፉም። ምሰሶው ከምድር ቤቱ ተነስቶ የደርቡን ወለል ሰንጥቆ እስከ ጉልላቱ ይወጣል። ደረጃው በውጭ በኩል ግድግዳውን ተጠግቶ ይዞራል፤ መደገፊያ የለውም። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ከሁሉ ያስፈራኝ ያ ደረጃ ነው።

አያ ደምሌ ግንበኛም ጣራ ከዳኝም ነበሩ። አባታቸውም ይኼንኑ ቤት ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። መኖሪያቸው ብልባላ ነበር። በየዓመቱ ዝናቡ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ለቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ጎራ ይላሉ። አማቴ «ዘንድሮ ምን አመጣህ?» ሲሏቸው፣ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ክረምት ቤቱን ጠይቆት ሄዷል። መልሱን ልሰማ መጣሁ።»

እውነትም ይሰሙ ነበር። ከኪሳቸው እንቁላል የምታክል የወንዝ ድንጋይ ያወጡና ግድግዳውን ኳ ያደርጉታል። ከዚያ የግራ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ አፋቸውን ትንሽ ከፈት ያደርጋሉ። አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፣ ደግሞ ኳ። ቤቱን እንዲህ ሲዞሩት ግማሽ ቀን ይፈጃል። የግራ ጆሯቸው ጫፍ በዚህ የተነሳ ቀይ አቧራ ለብሶ ነበር የሚኖረው። ሕፃን ሳሉ በሽታ ታመው ሽታ የሚባል አያውቁም። ወጥ አርሮ ቤቱ ቢጨስ እንኳ ካላዩት አይነቁም። «እግዜር አፍንጫዬን ወስዶ ለጆሮዬ ጨመረለት» ይላሉ።

መጀመሪያ ያየኋቸው በተጋባን በዓመቱ ነው። ደረጃው ላይ ከታች እስከ ላይ የጠፍር ገመድ በችካል ወጥሬ ነበር። ገመዱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ልጆች እንዳይወድቁ ነው፣ አያ።»

«ስንት ልጅ አለሽ?»

«ገና ነኝ። አንድ በሆዴ።»

ገመዱን ብዙ አዩት። «እንግዲህ ይኑር» አሉ። «ልጁ ደረጃውን በእግሩ ይማራል። ገመዱ ላንቺ ይሆንሻል።»

አማቴ ስቀው ስቀው እንባቸውን ጠረጉ። እኔ ተቆጣሁ። የላላውን ገመድ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሲመጡ ራሳቸው አጠበቁት።

ስለ ቤቱ የሚያውቁትን አንድ ጊዜም ተቀምጠው አስረድተውኝ አያውቁም። ሲሠሩ ነው የሚናገሩት፣ ያውም ለድንጋዩ እንጂ ለኔ አይመስልም። በምዕራብ በኩል ድንጋዩ እንደ ሌላው ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ የተደረደረበት ቦታ አለ። የግንበኛ ስህተት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እዚያ ጋ ሲደርሱ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በር ነበር» አሉ። «የጸሐፊው ሬሳ በዚህ ወጣ። ሚስቲቱ ከዚህ በኋላ በዚህ በር ማንም አይግባብኝ አለች። የኔ አያት ነው የዘጋው። ድንጋዩን ያቆመው አውቆ ነው፤ በር እንደነበረ እንዲታወቅ። አስተኝቶ ቢሠራው ግድግዳ መስሎ ይቀር ነበር።»

«መስሎ ቢቀርስ ምን አለበት፣ አያ?»

«ግድግዳ መዋሸት የለበትማ» አሉና ወደሚቀጥለው ድንጋይ አለፉ።

ከሰይድ ጋር ያላቸው ደግሞ ሌላ ነው። ሰይድ ከወልድያ መጥቶ እኛ ሰፈር ሱቅ የከፈተ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። አያ ደምሌ በሱቁ ባለፉ ቁጥር ይጠራቸዋል።

«አያ ደምሌ፣ ኧረ ይበቃዎታል። የኔን ቆርቆሮ አንዴ ሚስማር ከመቱት የልጅ ልጅ ይኖርበታል። ነቀዝ አይበላው፣ አይጥ አይበላው።»

«ዝገት የሚባለውን ነቀዝ የት ትተኸው ነው፣ ሰይድ?»

«እሱንማ ቀለም ቀብተው ያባርሩታል፣ ወላሂ።»

«እንግዲያ እኔ ሳር ሸጬ እበላለሁ፣ አንተ ቆርቆሮም ሸጠህ ቀለምም ሸጠህ ትበላለህ። አላህ ላንተ አድልቷል።»

ከዚያ ሰይድ ለስላሳ ይከፍትላቸዋል። አረፋው እስኪያልቅ ጆሯቸው አጠገብ ይዘውት ይቆያሉ። ይኼንን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀው ነበር።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

እሳታችን ድሮ ደርቡ ላይ ነበር። ከምሰሶው አጠገብ የጭቃ ምድጃ ነበረን፤ ጭሱ በሳሩ ውስጥ እየሾለከ ይወጣል። የጣራው እንጨት በሙሉ እንደ ተወለወለ ቆዳ የጠቆረ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ የሺ አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ሳል ያዛት። የሚቆም ሳል አልነበረም። ደረቷ ያፏጫል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ «ከጭስ አርቂያት» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ምድጃውን አፈረስኩት። ግቢው ጥግ ላይ ከሰይድ በተገዛ ቆርቆሮ ማድ ቤት አሠራሁ። ደርቡን ጠረግሁት፣ ምድጃው የነበረበት ቦታ ላይ የየሺን አልጋ አደረግሁበት። አማቴ ቅር ቢላቸውም የልጅ ነገር ነውና አልተናገሩኝም።

ወር ሳይሞላ በአንድ ቅዳሜ አያ ደምሌ ትንፋሽ አጥሯቸው መጡ። ወቅታቸው አልነበረም።

«ማን ሞተ?» አሉ ገና ከበር።

«ማንም አልሞተም፣ አያ። ምነው?»

«ከቁልቁለቱ ላይ ሆኜ ሳየው የጸሐፊው ቤት ጭስ የለውም። ይኼ ሦስተኛ ቅዳሜ ነው። ጭስ የሌለው ቤት ወይ ሬሳ አለበት ወይ ባዶ ነው።»

ነገሩን ነገርኳቸው። ደርቡ ላይ ወጥተው የየሺ አልጋ አጠገብ ቁጭ አሉ።  ይከራከሩኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

«የልጅ ሳል ከቤት ይቀድማል» አሉ በመጨረሻ። «ደግ አደረግሽ።» ቀና ብለው ጣራውን አዩ። «ያ ጥቁረት ቆሻሻ መስሎሽ ይሆናል። የእንጨቱ ቆዳ ነው። እነዚያ አሮጌዎቹ መቶ ዓመት ጭስ ጠጥተዋል፣ ነቀዝ አይደፍራቸውም። ለሠርጋችሁ እኔ የቀየርኳቸው ወራጆች ግን ገና ልጆች ናቸው። ቆዳ አላወጡም።» ወራጅ የሚሉት ከግድግዳው ተነስቶ ጉልላቱ ሥር የሚገናኘውን የጣራ እንጨት ነው።

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ አያ?»

«ሐሙስ ሐሙስ ልጆቹ ከቤት ሲወጡ ወይራ አንድጂ። እርጥብ ቅጠል ጣል አድርጊበት፣ በሩን ዘግተሽው ውጪ። እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ከፍተሽ አናፍሺው። ልብሳቸውን አስቀድመሽ አውጪ። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃዋል።»

«እሺ፣ አያ።»

አንድ ሐሙስ አደረግሁት። ልብሱንም አወጣሁ፣ አናፈስኩም። የሺ ከትምህርት ቤት መጥታ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች፣ ጥቂት ቆይታ ማሳል ጀመረች። ደረቷ ላይ እጄን አድርጌ ተቀመጥኩ። በጭሱ ይሁን በሌላ አላወቅሁም። ለማወቅም አልፈለግሁም። ያ ሐሙስ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሆነ። ምክሩን ለባለቤቴም ለአማቴም አልነገርኳቸውም።

አያ ደምሌ በዓመቱ መጡ። «ሐሙስሽ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ አያ» አልኩ።

«አንድም አላለፈሽ?»

«አንድም።»

ሌላ ግንበኛ ቢሆን ኖሮ በሩ ላይ ሆኖ ያሸተው ነበር። እሳቸው አፍንጫ የላቸውም፣ ቃሌን አመኑ። ወጥተው ለአማቴ «ምራትሽ ቤት ያዥ ናት» ሲሉ ሰማኋቸው። በሁለተኛውም ዓመት ጠየቁኝ፣ በሦስተኛውም። መዋሸቱ ከዓመት ዓመት ቀለለኝ። ልጄ ሳሏን ትታ ነበር፣ ከዚያ ሌላ ነገር አልታየኝም። እናት ስትፈራ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታየው።

በአራተኛው ዓመት ጣራው በአንድ ጎኑ ጎበጥ አለ። አያ ደምሌ ሳሩ አርጅቶ ይሆናል አሉ። ቀን ተቆረጠ፣ ከላይ የጠቀስኳቸው ሰዎች ተሰበሰቡ። መሪጌታ ስምዖን የመጡት ለራሳቸው ጉዳይ ነበር። እሳቸው የሚያስተምሩበት ደብር ለቆሎ ተማሪዎቹ አንድ ሰፊ ክብ ጉባኤ ቤት ሊያሠራ ወስኖ፣ ጣራውን ለአያ ደምሌ ሊሰጡ አስበው ነበር። አያ ደምሌም ይኼን ያውቃሉ። በዚያ ሰሞን ወሬያቸው ሁሉ ስለዚያ ጣራ ነበር። «ሃያ ሁለት ወራጅ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ መሰላል አልወጣም» ይሉ ነበር። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

አሮጌው ሳር ወረደ። ሰይድ ከታች ሆኖ «አያ ደምሌ፣ እዚያ ላይ ቆርቆሮ ካገኙ የኔ ነው፣ ያስቀምጡልኝ» ይላል። የብልባላ ልጆች ይስቃሉ። ከዚያ አያ ደምሌ ጆሯቸውን ለሠርጋችን ካስገቧቸው ወራጆች ባንዱ ላይ ለጠፉ። ሳቁ ገና አላለቀም። ወደሚቀጥለው ሄዱ፣ ለጠፉ። ከዚያም ወደሚቀጥለው። ከዚያ ወራጁን በእጃቸው ያዙና ጫን አሉት። እንጀራ እንደሚቆረስ ተቆረሰ። ውስጡ ዱቄት ነበር። ዱቄቱ በነፋስ ተበትኖ አማቴ ነጠላ ላይ አረፈ።

 አማቴ ነጠላቸውን እያራገፉ ተነሱ።

«ደምሌ፣ ምንድን ነው ይኼ?»

አያ ደምሌ ከላይ ሆነው በተከፈተው ጣራ ደርቡን ወደ ታች አዩ። ንጹሑን ወለል፣ የየሺን አልጋ፣ ነጭ አንሶላዋን አዩ። አራት ዓመት ሙሉ ጭስ ያልነካው ቤት ከላይ ሲታይ ለሳቸው ምን ይመስል እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ከዚያ ዓይናቸውን አነሱና ደረጃው ላይ የቆምኩትን እኔን አዩ። ገመዱን በሁለት እጄ ይዤው ነበር።

ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ባለቤቴ መሰላሉን እንደያዘ ወደ ላይ ያያል። አማቴ መልስ ይጠብቃሉ። አማቴ ቤቱን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዱት፤ ይኼንን ቢሰሙ እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ቀና ብዬ አልሄድም ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ አያ ደምሌ። «እንጨቱን የቆረጥኩት ጨረቃ ሳትጎድል ነው። ሠርጉ ደርሶብኝ ቸኮልኩ።»

«አንቱ?» አለ ሰይድ። ቀልዱ ጠፍቶበት ነበር።

«አዎ፣ እኔ።»

በኛ አገር ጨረቃ ሳትጎድል እንጨት የቆረጠ ጣራ ከዳኝ እርሾ የረሳች ጋጋሪ ማለት ነው። ያ እንጨት በነቀዝ እንደሚበላ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። የተበሉት እሳቸው ያስገቧቸው ብቻ ስለነበሩ ለሁሉም እውነት መሰለ። መሪጌታ ስምዖን መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አይ ደምሌ» ብቻ አሉና ጥቂት ቆይተው ወጡ። እኔ አፌን ለመክፈት አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ። አልመጣልኝም። እውነቱን ለመናገር፣ አልጠራሁትም።

አያ ደምሌ አሥራ አንድ ቀን ሠሩ። አዲስ ወራጅ ከደረቅ ጽድ ራሳቸው መርጠው አመጡ፣ ለድካማቸው ምንም አልተቀበሉም። «የራሴን ስህተት ነው የማርመው» አሉ። ሲጨርሱ እቃቸውን ሰብስበው ደረጃውን ሲወርዱ እኔ እየወጣሁ ነበር፣ መሃል ላይ ተገናኘን። ማንም አልነበረም።

«ልጅቷ ታስላለች?» አሉኝ።

«አታስልም፣ አያ።»

«እንግዲህ ደህና ነው» አሉ። ገመዱን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ። ገመዱን ይዘው ሲወርዱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

የጉባኤ ቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ሆነ። አያ ደምሌ በሚቀጥለው ዓመት አልመጡም። እኛ ሰፈር ሌሎቹም ክብ ቤቶች መጥራታቸውን ተዉ። ከዚያ ደግሞ የጦርነቱ ግርግር መጣ፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሁሉም የየራሱን ልጅ ሲያስጠጋ ከረመ። እንግዳም ጠፋ፣ ቤቱን ፎቶ የሚያነሳ የለም። አንድ ጊዜ ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው ግድግዳውን ለኩ፣ በወረቀት ጻፉ፣ ቅርስ ነው ጠብቁት አሉን፣ ሄዱ። እኔ እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያውቁትን ሰው አስቤ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አመሌ ሆኖ ነበር።

ባለፈው ዓመት የውሃ ተራ ስንጠብቅ አንዲት ሴት ጣራዋን ማን እንደሚሠራላት ስትጠይቅ፣ ሌላዋ «አያ ደምሌ የሚባሉትን ብቻ እንዳትጠሪ፤ የጸሐፊውን ቤት በነቀዝ ያስበሉት እሳቸው ናቸው» አለቻት። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ጀሪካኔን ሞልቼ ተሸክሜ ሄድኩ። እቤት ስደርስ ግን ውሃውን እንኳ ሳላወርድ አማቴ ፊት ቆምኩ። ምስር ይለቅሙ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው።

እጃቸው መልቀሙን አላቆመም። ተናግሬ ስጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ሳሏ የተዋት ጭሱ ቀርቶላት ነው?»

«አላውቅም፣ እትዬ። ሲያድጉም ይተዋል ይላሉ።»

«እንግዲያ ለማታውቂው ነገር የሰው ስም በላሽ።»

«አዎ።»

ሰፌዱን አስቀመጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ ደክሟቸዋል መሰለኝ። «እኔስ ብሆን» አሉ፣ «ያን ያህል ዘመን የማውቀውን ሰው በአንድ ቃል አመንኩበት። የራሱም ቃል ቢሆን። ውሃውን አውርጂና ነጠላሽን ልበሺ። ውሸቱን የሰሙ ሌሎች ጆሮዎችም አሉ።»

ባለቤቴ ሲሰማ ለሁለት ቀን አላናገረኝም። ሰይድ ሱቁ ውስጥ ሚስማር ሲመዝን አገኘሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ሚዛኑን ባዶውን ይዞ ቆመ። «የጉባኤ ቤቱን ቆርቆሮ የሸጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «ዘመኔን ሙሉ ስቀልድባቸው ኖሬ፣ የዚያን ቀን ዝም አልኩ። ያን ቀን መቀለድ ነበረብኝ፣ ወላሂ። አንቱ ጨረቃ ሳትጎድል እንኳን እንጨት ጥፍርዎን አይቆርጡም ማለት ነበረብኝ።»

መሪጌታ ስምዖን ዘንድ የሄድኩት በሐምሌ ነው። ጉባኤ ቤቱ ውስጥ ተማሪዎች ከበዋቸው ነበር። ዝናቡ ጣለ፣ ቆርቆሮው መንጫጫት ጀመረ። መሪጌታ ዜማውን ጀመሩ፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል እንጂ ቃሉ አይሰማም። ተማሪዎቹ አንገታቸውን አስግገው አፋቸውን ያያሉ። መሪጌታም ሲያቅታቸው መጽሐፉን አጥፈው ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጡ። እኔም ለመናገር የዚያኑ ዝናብ ማባራት ጠበቅሁ።

ከነገርኳቸው በኋላ «ክረምት በመጣ ቁጥር እንዲህ ነው» አሉኝ። «ትምህርታችን በጆሮ ነው፣ ጆሯችንን ራሳችን ደፈንነው። አንቺ ዋሽተሻል። እኔ ደግሞ የአርባ ዓመት ሥራውን ትቼ የአንድ ቀን ቃሉን መዘንኩ። ንስሐሽን ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። እኔ ግን ይኼን ቆርቆሮ አስነሳዋለሁ፤ ደብሩንም አስፈቅጃለሁ። ሳሩ በኅዳር ይታጨዳል። ደምሌ ካልመጣ ሌላ ሰው ጣራው ላይ አይወጣም። ፈልጊልኝ።»

ፈለግሁ። ልጆቼን ለአማቴ ትቼ፣ እስከዚያ ቀን አንድ ሌሊት ተለይቻቸው እንደማላውቅ እያሰብኩ፣ ብልባላ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ቤታቸው ተዘግቷል። ደጃፉ ላይ ሳር በቅሏል። ጎረቤታቸው እንዳለችኝ ካለፈው በፊት በነበረው ዓመት፣ ዝናብ ሳይገባ፣ ኮን ከተማ ያገባች ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። «ጆሯቸው ደክሞ ነበር» አለችኝ። «ስንጠራቸው አይሰሙም ነበር። አለዚያ ደህና ነበሩ።» ስለኛ ቤት ተናግረው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋት። «የጸሐፊው ቤት? አዎ። ጭስ ይታያል ወይ ብለው ከገበያ የመጣውን ሰው ሁሉ ይጠይቁ ነበር» አለችኝ።

ኮን ለሚመላለስ የእህል ነጋዴ ነገርኩት። ጠይቆ ተመለሰ። ልጅቱና ባሏ በግርግሩ ጊዜ ከከተማው ወጥተዋል፤ ሽማግሌውን በበቅሎ ጭነው ሲሄዱ ያየ ሰው አለ፤ ወዴት እንደሆነ ግን አንዱ ወደ ወረዳው ገጠር ይላል፣ ሌላው ወደ ጋሸና ይላል። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም። ሳሩ ታጭዶ ደብሩ ግቢ ተከምሯል።

ስለዚህ ይህን ያነበበ ወይም ሲነበብ የሰማ ሰው አለ እንደሆነ እለምናለሁ። የምፈልጋቸው አያ ደምሌ ይባላሉ፣ የብልባላ ሰው ናቸው፣ ግንበኛና ጣራ ከዳኝ። አጠር ያሉ፣ ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሲጠሯቸው በግራ ጆሯቸው በኩል ይዞራሉ። ሴት ልጃቸው ኮን ነበረች። በሕይወት ካሉ ያሉበትን፣ ካረፉም የተቀበሩበትን የሚያውቅ ሰው ላሊበላ ጸሐፊው ቤት ብሎ ይላክልኝ።